ጎረምሳና ኮረዳ ልጆችን ይዞ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፦ አቅም የሚፈቅደውን ማረፊያ ለማግኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

«ሁለት አልጋ ያዙልኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ የተረዳሁት ገንዘብ ከከፈልኩበት በኋላ ነው። ለሁለት ወንዶች ልጆቼ ሁለት አልጋ ያለበትን አንድ ክፍል ፈልጌ ወደ አንድ የድሬዳዋ ፔንሲዮን ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሰው በአገራችን ልማድ አልጋ ማለት ክፍል ነውና ሁለት ክፍል ቆልፎ አቆየልኝ፤ በታኅሣሥ ወር፣ ሌላ እንግዳ እየመለሰ። ሰውየው አላጠፋም፤ የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ። የሁለቱንም ክፍል ሒሳብ ከፈልኩ። ልጆቼ በደስታ ለየብቻ ተኙ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት በወረቀት ላይ ስደምርና ስቀንስ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ባደረግኋቸው ጉዞዎች የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት የሆኑ ልጆችን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ የማረፊያ ወጪውን የሚወስነው የአንዱ ክፍል ዋጋ ብቻ አለመሆኑን ነው። ስንት ክፍል እንደሚያዝ፣ በየትኛው ሌሊት በየትኛው ከተማ እንደሚታደር እና ቀኑ ምን ቀን እንደሆነ ከዋጋው እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ ይወስናሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ስልክ ከመደወልዎ በፊት ቢጀምሩት ይሻላል።

አንደኛ፦ የትኛውን ሌሊት በየትኛው ከተማ እንደሚያድሩ ይወስኑ

ድሬዳዋና ሐረር የሚራራቁት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። በከፍታ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ይህ የ700 ሜትር ልዩነት ለቱሪስት የአየር ንብረት ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ለቤተሰብ አባወራ ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ወራት፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ አምስት ሰው በቀላሉ የሚተኛበት ክፍል ማለት በአብዛኛው ኤሲ ያለው ክፍል ማለት ነው፤ የክፍል ዋጋ ብድግ የሚለውም እዚያ ላይ ነው። በሐረር ደግሞ በዚያው ሌሊት ብርድ ልብስ ይፈለጋል እንጂ ስለ ኤሲ የሚያስብ ሰው የለም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው። በሙቀቱ ወራት የሚመጡ ከሆነ መኝታዎን ሐረር አድርገው ድሬዳዋን ማለዳ ወርደው ይጎብኟት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን የድሬ ሌሊት ለስላሳ ስለሆነ ቬንቲሌተር ብቻ ያለው ክፍል ይበቃል፤ በዚያ ወቅት ድሬን ማደሪያ፣ ሐረርን የቀን ጉብኝት ማድረግም ያስኬዳል። በየትኛውም ወቅት የሚሠራ አንድ ደንብ አለኝ፦ በድሬዳዋ ለሙቅ ውኃ፣ በሐረር ለኤሲ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። የድሬ ቧንቧ በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ራሱ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው።

ከዚህ የማደሪያ ምርጫ የሚወጡ ሁለት ሌሊቶች አሉ። የመጀመሪያው የጅብ ሌሊት ነው። ልጆች ስለ ሐረር ሲያስቡ ቀድሞ የሚመጣባቸው የጅብ ማብላት ትርዒት የሚካሄደው ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ፣ ጀጎል ከሚባለው ከአሮጌው የሐረር ከተማ ግንብ ውጪ ነው። ትርዒቱን አይተው በዚያው ሌሊት ወደ ድሬ ልመለስ ቢሉ የሕዝብ ትራንስፖርት ስለማያገኙ መኪና መከራየት ግድ ይሆንብዎታል፤ የደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለትም በጨለማ ቤተሰብ ይዞ የሚወረድ መንገድ አይደለም። ያን ሌሊት ሐረር ይደሩ። ሁለተኛው የመመለሻው ዋዜማ ነው፤ ባቡሩም አውሮፕላኑም የሚነሡት ከድሬዳዋ ስለሆነ፣ አዲሱ የባቡር ጣቢያም ከመሀል ከተማው ራቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ የመጨረሻውን ሌሊት ድሬ ማደር ከእንቅልፍም ከጭንቀትም ያድናል። በአውቶቡስ ለሚመለስ ግን ይህ ግዴታ አይደለም፤ ከሐረርም ወደ አዲስ አበባ ማለዳ የሚነሡ አውቶቡሶች አሉ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ከበዓላቱ ጋር ያስተያዩ

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። በእነዚያ ቀናት ዙሪያ በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ባዶ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ የተገኘውም በዕለቱ ዋጋ ነው የሚሸጠው። ለንግሡ ካልሆነ በቀር ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ቀን በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ ይዝለሉት። ሐምሌ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ብዙ ወላጅ ሳያስበው ከዚህ ቀን ጋር ይጋጫል።

በሐረር ደግሞ ከዒድ አልፈጥር አንድ ሳምንት በኋላ የሚከበረው ሸዋል ዒድ አለ። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ካሰፈረው ወዲህ ስሙ ከቀድሞው ይበልጥ ርቆ ተሰምቷል። የጨረቃ አቆጣጠርን ስለሚከተል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፤ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዘው ዕቅድ አያውጡ። ልጆች ሊያዩት የሚገባ በዓል ነው ብዬ ስለማምን ሽሹት አልልም፤ አስቀድሞ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ ክፍል መያዝ ግን ግድ ነው።

በሐረማያና በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች የምረቃ ሰሞን ሆቴሎቹ በተመራቂ ቤተሰብ ይሞላሉ። ይህን ቀን በዘመን መቁጠሪያ ላይ አያገኙትም፤ ሊያርፉበት ያሰቡትን ቤት «በዚያ ሳምንት ምረቃ አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ወዲያው ይነግሩዎታል። ረመዳን ላይ ክፍል በቀላሉ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን በጀጎል ውስጥ ቀን ላይ አብዛኛው ምግብ ቤት ስለሚዘጋ በየሁለት ሰዓቱ የሚራብ ልጅ ላለው ሰው ቁርስ የሚያቀርብ ማረፊያ መምረጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፦ ሰው ሳይሆን ክፍል ይቁጠሩ

ሕፃናት ሳሉ ልጆቹን ከወላጅ አልጋ ሥር በፍራሽ አስተኝቶ ማደር ይቻል ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ከአባቱ ይረዝማል፤ የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጅም ልብስ የምትቀይርበት፣ በሩ የሚዘጋ መታጠቢያ ቤት ትፈልጋለች። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያስብ ወዲያው ሦስት ክፍል ይይዛል፦ አንዱን ለወላጆች፣ አንዱን ለወንዶች፣ አንዱን ለሴት ልጅ። እኔ የምመክረው ለጥቂት ሌሊት ባልና ሚስት ተለያይተው፣ ወንዶቹ ከአባት ጋር፣ ሴቶቹ ከእናት ጋር እንዲያድሩ ነው።

ስሌቱን ለማቅለል የአንዱ ክፍል ዋጋ 1,000 ብር፣ የተጨማሪ ፍራሽ ክፍያ 200 ብር ነው እንበል፤ ይህ ምሳሌ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አባት፣ እናት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ያሉበት ቤተሰብ ሦስት ክፍል ለሦስት ሌሊት ቢይዝ 9,000 ብር ይከፍላል። በሁለት ክፍልና በአንድ ተጨማሪ ፍራሽ ቢያድር ግን የሌሊቱ 2,200፣ የሦስቱ ሌሊት ደግሞ 6,600 ብር ይሆናል። የተረፈው 2,400 ብር የሚኒባሱንና የባጃጁን ሸፍኖ ሙሸበክ ለሚባለው ጣፋጭ ይተርፋል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ አዋቂ ስለሚኖር ሌሊት ማን በር እንዳንኳኳ፣ ማን እንደወጣ የሚያውቅ ሰው አለ።

ይህ እንዲሠራ ግን የአልጋውን ስፋት ማወቅ ያስፈልጋል። «ደብል ነው» የተባለ አልጋ ሜትር ከሃያ ሊሆንም፣ ሜትር ከሃምሳ ሊሆንም ይችላል። በሜትር ከሃያ አልጋ ላይ ሁለት ጎረምሶችን ማስተኛት ሌሊቱን ሙሉ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ነው። የሚፈልጉት ሁለት ለየብቻ የቆሙ አልጋዎች ያሉበትን ክፍል ነው፤ በሆቴሎች ቋንቋ ትዊን የሚባለውን። በፔንሲዮኖች ትዊን ክፍል ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ በየቤቱ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የደወለ ይወስደዋል።

ቤተሰቡ ከስድስት ሰው በላይ ከሆነና ከአራት ሌሊት በላይ የሚቆይ ከሆነ ዕቃ የተሟላለት ቤት በቀን የሚያከራዩ ሰዎችን መፈለግ ያዋጣል። ወጥ ቤት መኖሩ ለራት የሚወጣውን ገንዘብ ይቀንሳል። ነገር ግን ጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ መኖሩን፣ ድስትና ሰሃን መኖሩን፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ በማን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ለሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ አይድከሙበት።

አራተኛ፦ ሰፈር ይምረጡ

ድሬዳዋን ደቻቱ የተባለው አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን በ1895 ዓ.ም. ገደማ ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረችው ከዚራ ናት፤ መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቿ የሸፈኗት፣ ማታ ላይ ጸጥ የምትል ሰፈር ናት። ልጆች በእግር የሚንሸራሸሩበት ጎዳና ስላላት ለቤተሰብ የምመርጣት ይቺን ነው፤ አሮጌው ባቡር ጣቢያም በቅርብ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው መጋላ የገበያ ሰፈር ናት። የቀፊራ ገበያ እዚያ ነው፤ ርካሽ ማረፊያም ይበዛባታል፤ ጠባብና ሞቅ ያለች ስለሆነች ግን እንቅልፉ ለማይጠና ሰው አትስማማም። ሳቢያን አዲስ የመኖሪያ ሰፈር በመሆኗ አዳዲስ ፔንሲዮኖች ሊገኙባት ይችላሉ፤ ወደ መሀል ከተማ ለመምጣት ግን በየቀኑ ባጃጅ ያስፈልጋል። ለአምስት ሰው አንድ ባጃጅ ስለማይበቃ ሁለት ባጃጅ፣ ሄዶ መመለስ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብለው ያስሉት፤ በክፍሉ ዋጋ ያተረፉት እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

በክረምት ከደቻቱ ዳር ከሚገኝ ማረፊያ ይራቁ። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ልጆች ኳስ ሜዳ ይመስላቸዋል፤ ጎርፉ የሚመጣው ግን በከተማው ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ፣ ከላይ ከተራራው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወት እንዳጠፋ የከተማው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

በሐረር ምርጫው ከግንቡ ውስጥ ወይስ ከግንቡ ውጪ የሚል ነው። ከግንቡ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ከሐረር በር በሚወጣው አውራ ጎዳና አካባቢ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች አሉ፤ መኪና በር ድረስ ይገባል፣ ክፍሎቹም የራሳቸው መታጠቢያ አላቸው። ከግንቡ ውስጥ ስላለው ወደ ኋላ ለብቻው እመለስበታለሁ።

አምስተኛ፦ ስልኩን በጥንቃቄ ይደውሉ

ከሰው የሰሙትን ወይም በካርታ ላይ ያገኙትን የሦስትና የአራት ቤት ስልክ ይያዙና በአንድ ቀን ይደውሉላቸው። «አልጋ አለ?» ብለው አይጀምሩ፤ እኔ ከፍዬበታለሁና። እንዲህ ይበሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ቤተሰብ ይዤ ነው የምመጣው። ሁለት ክፍል ነው የምፈልገው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ለየብቻ የቆመ ሁለት አልጋ ያለበት። ተጨማሪ ፍራሽ ታስገባላችሁ? በስንት?» የሚመልስልዎት ሰው «አለ» ብቻ ብሎ ሊዘጋው ሲል «ክፍሎቹ በአንድ ፎቅ ላይ፣ ጎን ለጎን ናቸው?» ብለው ያቆዩት።

ቀጥሎ የዋጋው ጥያቄ ይመጣል። የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶ ቫትን ይጨምር አይጨምር፣ የአገልግሎት ክፍያ የሚሉት ነገር ከላዩ ይኑር አይኑር በግልጽ ያስነግሩት። ቁርስ አለው ካሉ ለስንት ሰው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ቁርስ የሚታሰበው በክፍል ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ነው፤ ሦስተኛው ልጅ በሒሳብ ላይ ይገለጣል። በእኔ ግምት በሁለቱም ከተሞች ቁርስን ከማረፊያው ውጪ መብላት ይሻላል፦ ድሬ ላይ ፈጢራና ፉል በየመንገዱ ትኩስ ይገኛል፤ ልጆችም ከሆቴል እንቁላል ይበልጥ ይወዱታል።

ከውጭ አገር የመጡና የውጭ ፓስፖርት የያዙ ልጆች ካሉዎት ይህን በስልኩ ላይ ይንገሩ። አንዳንድ ቤቶች ለውጭ ዜጋ የተለየ ዋጋ አላቸው፤ መታወቂያ ሲወጣ ከሚያውቁት አስቀድመው ቢያውቁት ክርክር አይኖርም። ዋይፋይ አለ ወይ የሚለውን ልጆችዎ ያስጠይቁዎታል፤ እርስዎ ግን ለዚያ ብለው የተወደደ ክፍል አይያዙ። የሞባይል ዳታ ጥቅል ገዝቶ ማካፈል የሚያስተማምንም የሚረክስም ነው።

ቀብድ ከጠየቁ ከአንድ ሌሊት ዋጋ በላይ አይላኩ፤ ሲልኩም በቤቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይሁን፤ የላኩበትን ማረጋገጫም ያስቀምጡ። ሙሉውን ከፍለው የደረሱ ሰው ክፍሉ ባይስማማቸው እንኳን ተለማማጭ ሆነው ነው የሚቀሩት።

ስድስተኛ፦ ሳያዩ አይክፈሉ

ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ድሬ ይደርሳል። መናኸሪያው ላይ ሻንጣ ለመሸከም የሚሻሙ ልጆችና ደላሎች ይቀበሉዎታል፤ «አቦ፣ ና እኔ ጋ፣ ንጹሕ አልጋ አለ!» የድሬ ሰው አነጋገሩ ከልብ ስለሆነ እምቢ ለማለት ይከብዳል፤ የደላላው ኮሚሽን ግን በክፍልዎ ዋጋ ላይ ተጨምሮ እንደሚመጣ አይርሱ። እናት ትንንሾቹን ይዛ በአንድ ካፌ ጥላ ሥር ትቀመጥ፤ አባት ከትልቁ ልጅ ጋር ሻንጣ ሳይዝ ሄዶ ክፍሉን ይይ። ሻንጣ የያዘ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ልጁን መውሰድም ምክንያት አለው፤ ክፍሉን ራሱ ያየና የመረጠ ጎረምሳ በኋላ አያጉረመርምም፤ ቢያጉረመርምም የሚመለስለት መልስ አለ።

በድሬዳዋ ክፍል የሚታየው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ማታ ያዩት ክፍል ሁሉ ደህና ይመስላል። በቀትር ከተማው ራሱ ጋደም ስለሚል፣ ሱቁም ስለሚዘጋ፣ ልጆችዎ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ የሚያሳልፉት በክፍሉ ውስጥ ነው። የላይኛው ፎቅ ቀኑን ሙሉ ጣሪያው የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል፤ ወደ ምዕራብ የዞረ መስኮትም እንዲሁ። ስለዚህ ከላይኛው በታች ያለውንና ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያየውን ክፍል ይጠይቁ። ቬንቲሌተሩን ያስነሡት፤ ሦስቱንም ፍጥነት ይሞክሩ፤ የሚንጫጫ ቬንቲሌተር ከሙቀቱ ይልቅ እንቅልፍ ይነሣል።

ቀጥሎ ወደ ግቢው ይውጡና የውኃ ማጠራቀሚያውን ይመልከቱ። ይህን የምለው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ቤት አምስት ሰው ሊያስታጥብ አይችልም። ሁለተኛ ክዳን የሌለው በርሜልና ገንዳ የትንኝ መፈልፈያ ነው። ድሬዳዋ በ2005 እና 2006 ዓ.ም. መካከል የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ አስተናግዳለች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባ ባዕድ የወባ ትንኝ ያዛመተችው የወባ ወረርሽኝ ተከስቶባታል። የደንጊዋ ትንኝ በቀን ስለምትናከስ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ በቀትር ጋደም የሚሉ ልጆች በመስኮቱ ላይ ወንፊት፣ በሰውነታቸው ላይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋቸዋል። የወባዋ ግን በምሽትና በሌሊት ስለሆነች ለእያንዳንዱ አልጋ ያልተቀደደ አጎበር መኖሩን ይቁጠሩ፤ ለተጨማሪው ፍራሽም ጭምር። ለፍራሹ አጎበር ብዙ ጊዜ ስለማይኖር እኔ ከቤት ይዤ ነው የምሄደው።

በሐረር የትንኙ ሥጋት ያንሳል፤ የውኃው ጥያቄ ግን ይጠብቃል። ከተማዋ በአንድ ወቅት ውኃዋን ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ሲደርቅ የገጠማት ችግር የሚታወቅ ነው። እዚያ ሻወሩን ከፍተው ውኃው በግፊት መምጣቱን፣ ማሞቂያውም በትክክል መሥራቱን በእጅዎ ይፈትሹ።

ወላጆች ለመጠየቅ የሚያፍሩት ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ግን ልበለው። ከርካሽ ፔንሲዮኖች አንዳንዶቹ የሚተዳደሩት በሰዓት በሚያከራዩት ክፍል ነው፤ አንዳንዶቹም ከሥራቸው መጠጥ ቤት ወይም ናይት ክለብ አላቸው። ኮረዳ ልጅ ይዞ የሚታደርበት ቦታ አይደለም። ምልክቱ ቀላል ነው። ስለ ሌሊት ዋጋ ሲጠይቁ «ለማደሪያ ነው?» ብለው መልሰው ከጠየቁዎት፣ ወይም ቀን ላይ አንሶላ ደጋግሞ የሚታጠብ ከሆነ፣ አመስግነው ይውጡ። በአንጻሩ በግቢው ውስጥ የባለቤቱ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ፔንሲዮን ካገኙ ክፍሉ ትንሽ ቢያረጅ እንኳ እሱን ይያዙ።

የልጆቹን የመታጠቢያ ቤት በር ይዝጉና ይክፈቱ። አሁን አሁን በመስታወት ብቻ የተከፈለ መታጠቢያ ያላቸው ክፍሎች በዝተዋል፤ ለአዲስ ሙሽሮች ይሆን ይሆናል፤ አባትና ጎረምሳ ልጁ ለሚያድሩበት ግን አሳፋሪ ነው።

መታወቂያን በተመለከተ እንግዳ መቀበያው የወላጆቹን መታወቂያ መዝግቦ ይይዛል። የቀበሌ መታወቂያ ያልደረሰላቸው ልጆች የተማሪ መታወቂያ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ቢይዙ ጥሩ ነው፤ በተለይ አባትና ሴት ልጅ፣ ወይም እናትና ወንድ ልጅ ብቻቸውን ሲጓዙ ወረቀቱ ከአላስፈላጊ ጥያቄ ያድናል። ሁለቱንም ክፍል በወላጅ ስም ያስመዝግቡ።

ሰባተኛ፦ በጀጎል ውስጥ በሐረሪ ቤት ማደር

ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በታጠረ ግንብ ውስጥ ያለች፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች አሮጌ ከተማ ናት። በውስጧ አንዳንድ ቤተሰቦች ባህላዊ ቤታቸውን ለእንግዳ ያከራያሉ። ቤቱ ሲገባ ደረጃ ደረጃ ሆነው የተሠሩ፣ ነደባ የሚባሉ መቀመጫዎች ያሉበት ሰፊ ክፍል ይቀበልዎታል፤ ግድግዳው በስፌትና በጌጠኛ ሳህን ያሸበረቀ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ቤት ይዞ ስለሚያድር ክፍል የመቁጠሩ ጣጣ እዚህ ይቀላል፤ አንዳንድ ቤቶችም ዋጋቸው በሰው ነው እንጂ በክፍል አይደለም፤ ይህን ያጣሩ።

ለልጆች ከዚህ የተሻለ ማረፊያ በሁለቱ ከተሞች አላውቅም። አንድ ከተማ ማደር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ነው የሚገባቸው፤ ማለዳ ከአዛን ጋር ይነቃሉ፤ በ82 መስጊዶች የተከበበ ሰው በሌላ ሰዓት ልንቃ ማለት አይችልምና ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው። ነገር ግን ቤቱ የሰው ቤት ነው እንጂ ሆቴል አይደለም። መጸዳጃና መታጠቢያው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ጫማ ከደጃፍ ይወልቃል፤ አልኮል አይገባም፤ ልጆቹ አጭር ቁምጣ ለብሰው ግቢ ውስጥ ባይንጎራደዱ ይመረጣል። ከነደባዎቹ መካከል የቤቱ ታላቅ የሚቀመጥበት የተለየ ቦታ አለ፤ አሚር ነደባ ይባላል፤ ስልኩን ይዞ እዚያ ላይ የተጋደመ ጎረምሳ አስተናጋጆቹን ያሳዝናል፤ እነሱ ግን ከጨዋነታቸው የተነሣ አይናገሩም። ማታ በር የሚዘጋበትን ሰዓትም ይጠይቁ፤ ከጅብ ትርዒት ሲመለሱ እመቤቲቱን ከእንቅልፍ እንዳይቀሰቅሱ።

ሻንጣን በተመለከተ ወደ ፈረስ መጋላ ከሚወስደው ዋና መንገድ ውጪ ያለው ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ መኪና አይገባም። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ በድንጋዩ ላይ እየጎተቱ ከመሄድ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን የጀርባ ቦርሳ ቢሸከም ይሻላል። ለሦስት ሌሊት የሚመጣ ቤተሰብ ከሆነ አንዱን ሌሊት በዚህ ቤት፣ የቀረውን ሙቅ ሻወር ባለው ፔንሲዮን ማደር ለሁሉም የሚስማማ ይመስለኛል።

ስምንተኛ፦ ዘመድ ካለ

በድሬ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ዘመድ ቤት ማደር ግን ነጻ ማለት አይደለም። አምስት ሰው ተቀብሎ ውኃ፣ አንሶላና ራት ማቅረብ ለአስተናጋጁ ከባድ ወጪ ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድምና ለእርስዎም እንዲሁ። በሌላ በኩል ዘመድ እያለ አልጋ መያዝ ቅሬታ ያመጣል። «ቤት እያለልህ? ምን አደረግንህ?» ይባላል። እኔ የምለው ከመድረሴ በፊት በስልክ ነው፦ «አክስቴ፣ ልጆቹ አድገዋል፣ አንድ ክፍል አይበቃቸውም፤ መኝታውን ይዘናል። የእሑድ ምሳ ግን ከእርስዎ ቤት ነው፤ አይደክሙብን፣ ሹሮም ቢሆን።» ሹሮ ብቻ አትሆንም፤ ይህ የታወቀ ነው። ሐሳቡ ግን ከመድረስዎ በፊት መነገሩ ነው፤ ሻንጣ ሆቴል አስቀምጦ ሰላምታ የሚሄድ ዘመድ ነው ቂም የሚያተርፈው። አክስትየው የፔንሲዮኑን ባለቤት ሊያውቁ ስለሚችሉም አስቀድመው ምክር ቢጠይቋቸው ዋጋ ያስቀንሱልዎታል።

የመጨረሻው ቀን

ሒሳብ በየሌሊቱ ወይም በየሁለት ሌሊቱ ይክፈሉና ደረሰኝ ይውሰዱ። ከሁለት ሌሊት በላይ እንደሚቆዩ ለመናገር የተሻለው ጊዜ ክፍሉን ካዩ በኋላ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ነው፤ ቅናሽ የሚገኘውም ያኔ ነው። አብዛኞቹ ቤቶች ክፍሉን ከእንግዳ የሚረከቡት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ አውሮፕላኑ ወይም ባቡሩ ከዚያ በኋላ ከሆነ የድሬ ቀትር ከነሻንጣው በጎዳና ላይ ያገኝዎታል። ሁለቱን ክፍል ሙሉ ቀን ከማቆየት አንዱን ብቻ እስከ 10 ሰዓት በግማሽ ዋጋ እንዲያቆዩልዎ ይነጋገሩ፤ ክፍሉ ለሌላ ካልተያዘ ብዙዎቹ ይስማማሉ። ሁሉም እዚያ ገላውን ታጥቦ ሻንጣውን ይዘጋል። ቁልፉን ከመመለስዎ በፊት ከአልጋዎቹ ኋላ ያሉትን ሶኬቶች አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ቻርጀር አለ።